መራራው ሥር ደርሶኛል

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር

ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ውርጩ ብቻ እንደምታውቀው ነው። ሁለት ዓመት ድምፄን ያጠፋሁት ተቀይሜህ አይደለም። ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ነጎደ፣ ከዚያ አፈርኩ። አሁን ብዕር ያስያዘኝ ከስዊስ ተራራ የላክኸው የጄንሺያና ተክል ደረቅ ሥር ነው።

እናትህ ዘንድ ጠባሴ ይዤው ሄድኩ። ቁራጩን አፌ ውስጥ ጣል አድርጌ፣ ወይ ጉድ! በልጅነታችን አፍንጫችንን ይዘው ኮሶ ያጠጡን ቀን ትዝ አለኝ። እናትህም ቀምሰው «የግራዋ ዘመድ ናት» አሉ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

ማታ ግን እልህ ያዘኝና ሳነብ አመሸሁ። ለካ ተሳስተናል። ግራዋ የሱፍና የኑግ ቤተሰብ ነው። ኮሶ የጽጌረዳ ዘመድ ነው (ማን ያምናል!)። ያንተዋ ጄንሺያና ግን ከሁለቱም የለችበትም። ዘመድ የሚለየው በምሬት ሳይሆን በዋናነት በአበባ ነው። የጄንሺያና አበባ ባብዛኛው ቱቦ መሳይ ነው፤ በአበባ ቅጠሎቹ መካከልም ብዙውን ጊዜ ትንንሽ እጥፋቶች አሉት። በዚህ ወገን ወደ 400 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉ። ስሙን በ1753 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ ነው፤ የጥንቱ ስም መነሻ ግን ጌንቲዩስ የተባለ የኢሊሪያ (የጥንት የባልካን አገር) ንጉሥ ነው ይባላል።

ጉዱ ደግሞ ወዲህ ነው። ከቤተሰብ ከፍ ብሎ ያለው ክፍለ መደብ ውስጥ ማን አብሯት አለ መሰለህ? ቡና! አጋምም አለ። ለእናትህ በሁለተኛው ስኒ ላይ ብነግራቸው «አጋምስ ይሁን፣ ቡናን አትንካብኝ» ብለው ሳቁብኝ።

ጄንሺያና እኛ አገር አትበቅልም። የቅርብ ዘመዷ ስወርሺያ ግን በደጋችን አለች፤ አበባዋ ላይ የአበባ ማር (ንቦች የሚቀስሙትን ጣፋጭ ፈሳሽ) የምታጠራቅምባቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች አሏት። በመስከረም ጓሳ ወጥቼ ልፈልጋት አስቤያለሁ።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ሥሩን ገዝተኸው ከሆነ እሰየው። ራስህ ቆፍረህ ከሆነ ግን ተጠንቀቅ! እዚያው ተራራ ላይ ቢጫዋን ጄንሺያና የሚመስል ቬራትረም የሚሉት መርዛም ተክል አለ። የጄንሺያና ቅጠል ግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፤ የመርዛሙ ግን ተፈራርቆ ነው። ሰው የሚሳሳተው አበባ ሳያወጡ ነው፤ ያኔ የምትለያቸው በዚህ ነው።

እናትህ በሶና አንድ ኪሎ ቡና አዘጋጅተዋል። «መራራ ከሚልክልኝ ራሱ ይምጣ» ብለዋል።

ያው ወንድምህ