ማሸጊያ ክፍላችን ስለገባው የሮቦት ክንድ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፤

እንዴት ከረማችሁ? ሰሞኑን ከዚራ ወዳለው ሱቃችን ቡና ልትወስዱ ስትመጡ፣ ብዙዎቻችሁ ከመስታወቱ ጀርባ የሚንቀሳቀሰውን ክንድ አይታችኋል። ጥያቄውም በዛ። «ሮቦት አመጣችሁ አሉ፤ ሴቶቹን ልታባርሯቸው ነው እንዴ?» ብለው ፊት ለፊት የጠየቁን አንድ አባት አሉ። ደግ አደረጉ። መጠየቅ ያለበት ነገር ነው።

ያባረርነው ሰው የለም። የሐረር ቡና እንደምታውቁት ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ የሚደርቅ ነው፤ ፍሬው አንድ ወጥ አይሆንም። ጥቁሩንና የተበሳውን የሚለቅሙት አሁንም እነዚያው እጆች ናቸው። የሚቆላውም የሚመዝነውም ሰው ነው። ክንዱ ያለው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የታሸገውን የ1 ኪሎ ፓኬት ከጠረጴዛ እያነሳ ካርቶን ውስጥ ይደረድራል።

ያመጣነው ለወገብ ብለን ነው። ጎንበስ፣ ዞር፣ ቀና፣ ደግሞ ጎንበስ፤ ቀኑን ሙሉ። ብዙ ዓመት አብራን የሠራች አንዲት እናት ማታ ከወንበር የምትነሳው ጠረጴዛውን ተደግፋ ነበር። ይህን እያየን ዝም ማለት ከበደን። ዛሬ ክንዱን የምታዘው እሷ ናት። ኮምፒውተር ተምራ አይደለም። ፊደል እንደሚያስጽፉት ልጅ ክንዱን በእጇ ይዛ ከፓኬቱ ወደ ካርቶኑ ትወስደዋለች፣ በየማቆሚያው ስክሪኑን ትነካለች፣ እሱም መንገዱን ይይዛል።

እንዲህ ያለው ሮቦት ኮቦት ይባላል፤ ከሰው ጎን የሚሠራ ማለት ነው። ሐሳቡን በፈረንጆቹ 1996 ያፈለቁት አሜሪካ፣ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኤድዋርድ ኮልጌትና ማይክል ፔሽኪን ናቸው። የትልልቅ ፋብሪካዎቹ ሮቦት አጥር ውስጥ የሚሠራው አጠገቡ ሰው መኖሩን ስለማያውቅ ነው። ይሄኛው ግን መጋጠሚያዎቹ ላይ የሚያርፈውን ግፊት ይለካል፤ ያልጠበቀው ነገር ሲገጥመው ይቆማል። መጀመሪያ የተከልነው ቀን ቀስ ብሎ እንዲሄድ አድርገን ተራ በተራ ክርናችንን ደቀንንለት። ገፋ አደረገንና ቆመ።

ይህ ማለት ግን በፍጹም አይጎዳም ማለት አይደለም። እዚህ ላይ አደራ እንላለን። ቢላ የያዘ ኮቦት ቢላ ነው። በፈረንጆቹ 2016 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ክንዱ ሰው ቢነካ ግፊቱ ከምን ማለፍ እንደሌለበት ለእጅ፣ ለትከሻ፣ ለደረት ለየብቻ ወስኗል። ፊት ጭራሽ መነካት የለበትም። እኛም ጣቶቹን ላስቲክ አልብሰናል፤ ከደረት በላይ እንዳይነሳም ወስነነዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀስ ብሎ እንዲሠራ አድርገነዋል።

አንዳንዶቻችሁ «ሮቦት እያላችሁ ትዕዛዛችን ለምን አይፈጥንም?» ላላችሁን መልሱ ይኸው ነው። ማፍጠን ይቻላል፤ ከፈጠነ ግን አጥር ያስፈልገዋል፣ ያቺ እናትም አጠገቡ መቆም አትችልም። ያንን አናደርግም። ስለዚህ የሰርግም ሆነ የረመዳን ትዕዛዝ እንደ ድሮው ከ3 ቀን በፊት ንገሩን።

መብራት ሲሄድስ? የመጋጠሚያዎቹ ፍሬን ይይዝና ክንዱ ባለበት ይቀራል፤ አይወድቅም። መብራት ሲመጣም በራሱ አይነሳም። እሷ ዙሪያውን አይታ ታስነሳዋለች።

ልጆች ይዛችሁ ስትመጡ ከቢጫው መስመር እንዳያልፉ እጃቸውን ያዙልን። በቅርበት ማየት የሚፈልግ ደግሞ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ብቅ ይበል። በዚያ ሰዓት ቡናም ይፈላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቡና ማሸጊያው ባልደረቦች
ድሬዳዋ