መናፈሻዎቻችን ለጆሮም ይሠሩ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በሌሎችም የጎጃም ከተሞች መናፈሻዎች እየተበራከቱ መምጣታቸው ከልብ ደስ ያሰኘኛል። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ከእነዚህ መናፈሻዎች ቢያንስ አንድ ጥግ በመዳሰስ፣ በማሽተትና በመስማት ለሚጎበኝ የአትክልት ስፍራ እንዲከለል፣ ተክሉን የሚያስተዋውቀው የድምፅ መግለጫም ችግኙ ከመተከሉ በፊት እንዲታሰብበት ለመጠየቅ ነው።

ዓይነ ስውራን ልጆችን ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ክረምቱ ሲወጣ ከተማሪዎቼ አንዷን ይዤ ወደ አንድ መናፈሻ ሄጄ ነበር። በየተክሉ ሥር ስሙ በቆርቆሮ ላይ ተጽፏል፤ እኔ አነብላታለሁ፣ እሷ እጇን ትዘረጋለች፤ ጥበቃው «አትንኩ!» ሲል ግን ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ጥቂት እንደ ሄድን ማንም ሳይነግራት ቆም አለችና ጎንበስ ብላ አንዲት ቅጠል በሁለት ጣቶቿ አሸት አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የአያቴ ቡና ነው!» አለችኝ። ጤና አዳም ነበር። ወዲያው «ከጎኑስ ያለው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የዚያኛው ጽሑፍ በዝናብ ታጥቦ ስለ ነበር እኔም ልመልስላት አልቻልሁም።

እንዲህ ያለ የአትክልት ስፍራ በሌላው ዓለም አዲስ ነገር አይደለም። በኒውዮርክ የብሩክሊን ዕፀዋት መናፈሻ ለዓይነ ስውራን ታስቦ የተሠራው የመዓዛ አትክልት ስፍራ የተከፈተው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን በሚገኘው በኪርስተንቦሽ ደግሞ ጎብኚዎች ገመድ እየያዙ የሚሄዱበት፣ መግለጫው በብሬል፣ ማለትም በጣት በሚዳሰስ ጽሑፍ፣ የተጻፈበት መንገድ አለ። ለእኛ አካባቢ ግን ብሬል ብቻውን አይበቃም። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ፣ በተለምዶ የዓይን ማዝ የምንለው በሽታ፣ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በዚህ በሽታ ብርሃናቸውን ካጡት መካከል ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ ፊደል የመቁጠር ዕድል ያላገኙ እናቶች ናቸው። ለእነሱ ቆርቆሮውም ብሬሉም አንድ ነው፤ የሚደርሳቸው ድምፅ ብቻ ነው።

በጆሮ መማር ለጎጃም ባዕድ አይደለም። በዋሸራም በዲማም የአብነት ትምህርት ቤቶች ተማሪው መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ በቃሉ ይይዛል፤ ለዚህም ነው ዓይነ ስውር የሆኑ የኔታዎች ዳዊቱንና ቅኔውን በቃላቸው ሲያስተምሩ የኖሩት። የቃል ትምህርት ባለቤት የሆነ ሕዝብ በመናፈሻው ውስጥ የሚናገር ድምፅ ሲያጣ ማየት ያሳዝነኛል።

መግለጫው የቆርቆሮውን ጽሑፍ ብቻ እንዳያነብ እለምናለሁ። «በስተቀኝዎ 3 ርምጃ ይሂዱ፤ እጅዎን በወገብዎ ልክ ይዘርጉ፤ የሚነኩት ዘንግ ክብ አይደለም፣ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ይህ የጣና ደንገል ነው፣ ታንኳ የሚሠራበት» ሲባል፣ ያን ዘንግ የዳሰሰ ሰው ደንገልን ዳግመኛ አይረሳውም። ጦስኙን ከማሽተት በፊት ቅጠሉን ማሸት እንደሚገባ ድምፁ ይንገረን። የአዊ ቀርከሃ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ዝም ይበል፤ ነፋሱ በቀርከሃው ውስጥ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ ራሱ ገለጻ ነውና። በዚሁ ምክንያት ሁለቱንም ጆሮ የሚደፍን ማዳመጫ አልመክርም፤ ጎብኚው የአጃቢውን ድምፅና የሰዉን ኮቴም መስማት አለበት። ሳማና ቁልቋል ደግሞ እጅ በሚደርስበት ቦታ ፈጽሞ አይተከሉ፤ የቁልቋል ወተት ዓይንን የሚጎዳ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ ኪውአር ኮድ ለጥፎ «በስልካችሁ አንሡት» ማለት ነው። ዓይነ ስውር ሰው ኮዱ የተለጠፈበትን ቦታ በምን ያገኘዋል? ዘመናዊ ስልክ የሌላቸው እናትስ? በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በኩል በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የስልክ መስመር ገበሬው በተራ ስልክ ደውሎ፣ ቁጥር እየተጫነ በቋንቋው የግብርና ምክር በነፃ እንዲሰማ አድርጓል። መናፈሻውም በዚህ መንገድ ሊሠራ ይችላል፦ በየተክሉ አጠገብ በእጅ የሚዳሰስ ቁጥር ያለው እንጨት ይቆማል፤ ጎብኚው ደውሎ ያንን ቁጥር ሲጫን የተክሉን መግለጫ ይሰማል። መግለጫው በአማርኛና በአዊኛ ይቀረጽ፤ ጆሯቸው ለማይሰማ ጎብኚዎችም ያው ቃል በጽሑፍና በምልክት ቋንቋ ይዘጋጅ።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 በባህልና በመዝናኛ የመሳተፍ መብትን ያካትታል። ስለዚህ የምጠይቀው ችሮታ አይደለም።

ይህን የሚያነቡ የከተማ መናፈሻ ኃላፊዎች ካሉ፣ መግለጫው ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና ሲረቀቅ ዓይነ ስውራንን እንዲጠሩ እጠይቃለሁ። እኔም ተማሪዎቼን ይዤ መጥቼ እያንዳንዱን ቃል በተክሉ ፊት ቆመን ለመሞከር ዝግጁ ነኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ይመቸናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር፣ ከጎጃም