በ«አለ» እና በ«አሉ» መካከል፦ በነገሥታት ላይ ስለሚቀልድ ልብ ወለድ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሥነ ጽሑፍ ገጻችሁ በነገሥታት ላይ የሚቀልዱ አጫጭር ልብ ወለዶች ማውጣት ከጀመራችሁ ወዲህ አንባቢው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «ነውር ነው፣ በአገር አባት አይሳቅም» ይላል፤ ሌላው «ንጉሥ ድሮ ቀረ፣ አሁን ማን ይፈራል?» ይላል። ሁለቱም ስለ አክብሮት የሚከራከሩ ይመስላቸዋል። ደብዳቤዎቹን ረጋ ብሎ ላነበበ ግን የብዙዎቹ ቅሬታ ሌላ ነው። ወይ የሚነበበው ታሪክ ይሁን ፈጠራ አልተነገራቸውም፤ ወይ ጸሐፊው ቤተ መንግሥቱን ሳያውቅ ዘው ብሎ ገብቶበታል። ሁለቱም ከመታተሙ በፊት ጠረጴዛችሁ ላይ የሚታረሙ ናቸው።

ከቋንቋው ልጀምር። በአማርኛ ስለ አንድ ሰው ሲተረክ «አለ» ወይም «አሉ» ማለት ግድ ነው፤ መሀል ላይ የሚቆሙበት ቦታ የለም። ስለ ንጉሥ የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያውን ግሥ እንዳስቀመጠ አቋሙ ታውቋል። ተረት «አንድ ንጉሥ ነበረ» ብሎ ይጀምራል፤ ስም የለው፣ ዘመን የለው፣ «አለ» ቢባል ማንም አይከፋውም። ንጉሡ ስም ካለው ግን ነገሩ ይለወጣል። «ምኒልክ ደነገጠ» ብሎ የጀመረ ጸሐፊ ቀልዱ ላይ ሳይደርስ ግማሹን አንባቢ አስኩርፏል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለብቻቸው ናቸው፤ ሕዝቡ «ካሣ»፣ «መይሳው» እያለ አንተ ሲላቸው ከፍቅር ነው፣ እዚያ ላይ «አለ» ስድብ አይሆንም። ይህን ልዩነት ጸሐፊው በጆሮው ካልያዘው ማንም አያስተምረውም።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ግን እዚህ ላይ ነው፦ ቀልድ የሚመጣው ማዕረግ ሲገፈፍ ይመስላቸዋል። እንዲህ ይጽፋሉ፦

«ንጉሡ አዛጋ። ሹማምንቱም አዛጉ።»

ማንም አይስቅም። ማዕረጉን ሳይነኩ እንዲህ ቢጽፉትስ፦

«ጃንሆይ አዛጉ። አጋፋሪው ተከትሎ አዛጋ። ራሶቹ አዛጉ፤ ደጃዝማቾቹ ራሶቹ አፋቸውን እስኪገጥሙ ጠብቀው አዛጉ። ግራዝማቹ ተራው እስኪደርስ አፉን በነጠላው አፍኖ ዓይኑ እንባ አቀረረ።»

እዚህ ላይ ንጉሡን ማንም አልደፈረም፤ የሚያስቀው ራሱ ሥርዓቱ ነው። «ነውር ነው» የሚለው አንባቢ እንኳ የሚከስበት ቃል አያገኝም። ይህ የሚበላሸው ተራኪው በ«አሉ» ጀምሮ ሦስት መስመር ሳይሄድ ወደ «አለ» ሲንሸራተት ነው፤ አንባቢው የአራሚ ስህተት ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ሳቁም ይጠፋል። «አለ» ካስፈለገ በባለታሪክ አፍ ይግባ። አዳራሹ ውስጥ «ጃንሆይ በሉ ወይ?» ያለው አሳላፊ ጓዳ ገብቶ «በላ?» ብሎ ሲጠይቅ አንባቢው ሁለቱን ክፍል በአንዲት ፊደል አየ ማለት ነው።

ቀጥሎ የቤት ዕቃው፣ የሹመቱና የሥርዓቱ ጉዳይ ነው። በግብር፣ ማለትም በቤተ መንግሥት ግብዣ ላይ፣ ንጉሡ በሕዝብ ፊት ሲጎርሱ፣ ወጡ ጺማቸው ላይ ሲንጠባጠብ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው ሳቁን ሲውጥ የሚያሳይ ትዕይንት ደጋግሞ ይጻፋል። በዐፄ ምኒልክ ግብር ንጉሡ የሚበሉት በመጋረጃ ተከልለው ነበር፤ በልተው ካበቁ በኋላ መጋረጃው ይገለጣል፣ የበታቹም ሰው በየማዕረጉ እየገባ ይበላል። ሲጎርሱ ያያቸው ከመጋረጃው ውስጥ የነበረው ጥቂት ሰው ብቻ ነው። ይህን የሚያውቅ አንባቢ ትዕይንቱን አያምነውም፤ ያላመነውን ደግሞ አይስቅበትም። እኔ ብሆን መጋረጃውን እጠቀምበት ነበር፦ አዳራሹ ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ እያንዳንዱ መኳንንት ከድምፁ ምን እንደተበላ ይገምታል፣ በግምቱም ይጣላል።

ሹመቶቹም ዝም ብለው ለጌጥ የሚደረደሩ ስሞች አይደሉም። አጋፋሪ ዘበኛ አይደለም፤ ሰውን በየማዕረጉ የሚያስገባና የሚያስተናግድ ነው። በጅሮንድ የግምጃ ቤቱ ሹም ነው። አፈ ንጉሥ የዳኞች የበላይ ነው፤ ስሙን ይዞ «የንጉሡን ንግግር የሚያነብ» አድርጎ መሣል የትምህርት ቤት ስህተት ነው። ሊቀ መኳስ ደግሞ በጦርነት ጊዜ የንጉሡን ልብስ ለብሶ ጠላት ንጉሡ እሱ እንዲመስለው የሚያደርግ ባለሟል ነበር። ለቀልድ ጸሐፊ ከዚህ የሚበልጥ ምን ስጦታ አለ? ሆኖም ስንቱ ጸሐፊ ይህን ትቶ ከውጭ ፊልም የተዋሰውን ባለ ቃጭል ቆብ አስቂኝ እልፍኝ ውስጥ ያስገባል። የእኛ ቤተ መንግሥት አዝማሪ ነበረው፤ አዝማሪው በሰምና ወርቅ ንጉሡን ፊት ለፊት ይወጋል፣ ሰሙን ይዞም በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ይታይ። ተፈሪ መኰንን በ1909 አልጋ ወራሽ፣ በ1921 ንጉሥ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። በ1915 በሚተረክ ቀልድ ውስጥ «ጃንሆይ» ከተባሉ አንባቢው የሚስቀው በጸሐፊው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በንጉሥ ላይ የተፈጠረ ቀልድ ከአንባቢ ወደ አንባቢ ሲተላለፍ ታሪክ ይሆናል። ዐፄ ምኒልክ የኤሌክትሪክ መግደያ ወንበር ከአሜሪካ አስመጥተው፣ ኤሌክትሪክ በአገር ባለመኖሩ ዙፋን አደረጉት የሚለውን በውጭ አገር «አስገራሚ እውነታዎች» የሚሉ መጻሕፍት ሲያባዙት ኖረዋል። በዚያ ወንበር ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የተገደለው በኒው ዮርክ በ1882 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑበት ዓመት። የዓመቱ መግጠም ወሬውን እውነት ያስመስለዋል እንጂ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል አይናገረውም። አንዱ ዘንድ ወንበሩ አንድ ነው፣ ሌላው ዘንድ ሦስት። ቁጥሩ እንዲህ የሚለዋወጥ ወሬ ተረት መሆኑን ራሱ ይመሰክራል።

አለቃ ገብረ ሐና ላይም የደረሰው ይኸው ነው። የማንም ቀልድ ይሁን ለእሳቸው ይሰጣል፤ የእቴጌ ጣይቱና የምኒልክ ስም ይታከልበታል፤ አንባቢውም እንደ ታሪክ ይወስደዋል። የተክሌ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን አቋቋም ከስማቸው ጋር የተያያዘ ታላቅ ሊቅ መሆናቸውን የሚያውቀው ግን ከሳቂው ስንተኛው ነው? ልብ በሉ፤ በእነዚያ ቀልዶች ንጉሡ ሞኝ የሚሆኑት ከስንት አንዴ ነው። የሚቀልደው ሊቁ ነው፣ ንጉሡ የሳቁ ዳኛ ናቸው። «የአገር አባት ተደፈረ» የሚለው አንባቢ እነዚህን ቀልዶች በደስታ የሚያወራውም ለዚህ ነው።

የከፋው ምሳሌ የፖላንዱ ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተመው «ንጉሠ ነገሥቱ» ነው። ስማቸው በፊደል ብቻ የተጠቀሰ የቤተ መንግሥት ሰዎች ስለ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ይናገራሉ። አንዱ የንጉሡ ትንሽ ውሻ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ስትሸና በሐር ጨርቅ መጥረግ ሥራው እንደነበረ ያወራል። በየገጹ የሚለዋወጠው ማቆላመጫ ከ«ጃንሆይ» እና ከ«ግርማዊነትዎ» ውጪ እኛ የማናውቀው ነው። ንጉሡ አንብበውም ጽፈውም አያውቁም ይላል፤ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን ያጻፉ፣ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰው። የዋርሶ አንባቢ ገና ሲያነበው የራሱን አገር ገዥ ፓርቲ ሹማምንት አይቶበት ሳቀ። እ.ኤ.አ. በ1983 በእንግሊዝኛ ሲወጣ አንባቢው ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ ዘገባ አድርጎ ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1987 ለንደን ላይ በቴአትር ሲታይ በከተማው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃውሞ አሰሙ። ያው ጽሑፍ ነው፣ ሦስት ዓይነት አንባቢ። «ልብ ወለድ» የሚል አንድ ቃል ሽፋኑ ላይ ቢኖር የውሻዋ ትዕይንት ጥሩ ምፀት ተብሎ ይታለፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። «ልብ ወለድ» የሚለው ቃል ከርዕሱ ጋር በአንድ መስመር ይግባ፤ ግርጌ ላይ አይሁን። ዛሬ ሰው ዓምዱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ሲልክ መጀመሪያ የሚቆረጠው ግርጌው ነው። የንጉሥን እውነተኛ ፎቶግራፍ ከፈጠራ ጋር አታውጡ፤ ሥዕል አሥሉ። ንጉሡ ስም ካላቸው በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ሊሆን የማይችል አንድ ነገር ይደረግ፤ ፈረሱ ይናገር፣ ዙፋኑ ያስነጥስ። ንጉሡ ስም ከሌለው ደግሞ ዓመተ ምሕረት አይጻፍ። ስም የሌለው ንጉሥ ከ«1966 ዓ.ም.» ጋር ሲቀመጥ አንባቢው ማንነቱን መፈለግ ይጀምራል፣ ቀልዱን አያነብም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ንጉሠ ነገሥቱን መድፈር በሚያስቀጣበት ዘመን ያነበበ ትውልድ «አንድ ንጉሥ» ሲባል ማን እንደሆነ መገመት ለምዷል፤ ያ ልማድ በቀላሉ አይለቅም።

አንድ ትዕይንት ግን አትንኩት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በትንሽ ቮልስዋገን ነበር። ያን ቀን «ሌባ! ሌባ!» ያለ ሰው ነበረ፤ በኋላ ያንኑ ሲያስታውስ የሚያዝን አለ። ባለፈው ያወጣችሁት ጽሑፍ መኪናዋ ላይ የተቀደደ ጎማና የሚያንቀላፋ ሾፌር ጨምሮባታል። ጎማውንም ሾፌሩንም አውጡና አንብቡት፤ ንጉሠ ነገሥት የምታህል ነገር በቮልስ ኋላ ወንበር።

በዚያው ጽሑፍ ሁለተኛ ዓምድ ላይ «ጃንሆይ ፈገግ አለና» የሚል አለ፤ «አሉና» ተብሎ ይታረም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ