ግንዛቤ የሌለው ማን ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ጣና ሐይቅን ስለወረረው የውሃ አረም፣ ስለ እምቦጭ፣ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ነዋሪው ስለ አረሙ ግንዛቤ የለውም» ይላል። ቀጥሎ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ «ጣናን የወረረው እምቦጭ» ተብሎ ተጽፏል። ፎቶው ላይ ያለው ግን ደንገል ነው!

ደንገል ታንኳ የሚሠራበት ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ አናቱ እንደ ጎፈሬ የተበተነ። የእምቦጭ ቅጠል ክብና የሚያብረቀርቅ ነው። ቅጠሉን የያዘው አገዳ እንደ ስፖንጅ ያብጣል፤ አበባው ሐምራዊ ነው። የመንደራችን ሕፃን አይሳሳተውም። ግን ግንዛቤ የለንም፣ አይደል?

ነገሩ ለቀልድ አይሆንም። ደንገል የሐይቁ የራሱ ነው። የእናንተን ፎቶ አይቶ ለዘመቻ የመጣ ሰው ማጭዱን የሚያሳርፈው እሱ ላይ ነው።

እኔ የደምቢያ ሰው ነኝ። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንነቅል ኖረናል። አሁን ደግሞ ከሰፈር ልጆች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ዳርቻውን እንዞራለን። በስልክ ፎቶ እናነሳለን፣ ቦታውንና ቀኑን እንጽፋለን። የጸዳውንም ቦታ ተመልሰን እናያለን፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያልና። ነፋስም ዛሬ እኛ ጋ ያለውን ነገ ሌላ ቀበሌ ያደርሰዋል።

«ሳተላይት ይከታተለዋል» ብላችኋል። እሰየው። ግን አረሙ የሚፈላው ክረምቱንና ከክረምቱ ማግስት ነው። ተራው የሳተላይት ካሜራ ክረምቱን የሚያነሳው በአብዛኛው ደመና ነው። እኛ ጭቃው ውስጥ ቆመን እናየዋለን።

እርግጥ እኛም እንሳሳታለን። አበባ ሳያወጣ ከሌላ የውሃ ተክል ጋር የቀላቀልንበት ጊዜ አለ። ፎቶ የምናያይዘውም ለዚሁ ነው፣ የሚያውቅ ሰው አይቶ እንዲያርመን። እናንተንም የያዝናችሁ በፎቶው ነው።

መዝገባችንን ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ኃላፊው «የድጋፍ ደብዳቤ አላችሁ?» አለኝ። እምቦጩ ሲገባ ደብዳቤ ይዞ ነበር እንዴ? ዘገባችሁ ላይ ደግሞ አንድ ባለሙያ «ከታች የሚመጣ መረጃ የለም» ሲሉ አነበብኩ። ከታች ይመጣል፤ በር ላይ ነው የሚቀረው።

ፎቶውን ቀይሩት። እምቦጭ ካጣችሁ እኛ ጋ ሞልቷል፣ ከነቀኑ፣ ከነቦታው። ደብዳቤ አንጠይቃችሁም።

ከደምቢያ፣ ከሐይቁ ዳር