ቶርኖው አሁንም ሸራ ለብሷል?

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ "እንደምን ከርመሃል" ማለት እንደማያምርብኝ አውቃለሁ።

አባትህ፣ አባባ፣ ያረፉ ጊዜ መደወል ነበረብኝ። ስልኬን አንስቼ ስምህን አወጣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር። ከዚያ በኋላማ "አሁን ምን ብዬ ልደውል?" የሚል እፍረት መጣና አፌን ያዘኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልህ አታምነኝም፤ ውሸትም ነው። ነፍሳቸውን ይማር። አንተንም ያጽናህ። ዘግይቶ የመጣ ለቀስተኛ አድርገህ ቁጠረኝ።

ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ ሰጋቱራ ነው። አትሳቅ። ቤታችን አጠገብ በወር ክፍያ የሚገባበት የጋራ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። ባለፈው ዓመት አንድ የተሰበረ ወንበር ልጠግን ገባሁ። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ቶርኖ ያዞራል፤ እንጨት እያሽከረከረ በመሮ የሚያስቀርጸውን፣ የአባባ ዓይነቱን ማሽን። ፍቅፋቂው እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ እጁ ላይ ይወርዳል። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ጉለሌ ተመለስኩ። አባባ የአልጋ እግር ሲያወጡ፣ እኔና አንተ ሰጋቱራውን በጆንያ ሞልተን ለምድጃ ለሚገዙን ሴቶች ስናደርስ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ቶርኖውን አላስነኩንም። "ጣት ይበላል ይሄ፣ ዞር በሉ!" ወንበሩ ሳይጠገን ቀረ። እስካሁን በሦስት እግሩ ቆሟል።

እዚህ ጀማሪ ሁሉ ወይ እስክሪብቶ ያወጣል ወይ ጎድጓዳ ሳህን። እኔ የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ካልሆነ አልኩ። ሳህን መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ አቧራ ይጠጣል። መፍጫ ግን በየቀኑ ይጨበጣል፤ ጥሩ ካልተሠራም ወዲያው ያጋልጥሃል። በነገራችን ላይ፣ ያቺ እየገፋን የምናስነሳት የአባባ ፔጆ ትዝ ትልሃለች? ፔጆ መኪና ከመሥራቱ በፊት መፍጫ ሠሪ ነበር። የቡናውን በ1840፣ የቁንዶ በርበሬውን በ1874፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ዛሬም በስሙ ይሸጣል። አባባ ይህን ቢሰሙ "ምነው በመፍጫው በጸና!" ይሉ ነበር።

የመጀመሪያዬን ልንገርህ። ጎረቤቴ የቼሪ ዛፍ አስቆረጠ፤ ግንዱን በነፃ ወሰድኩ። ነፃ ነገር አይቼ መቼ አልፌ አውቃለሁ። እርጥብ ነበር። እርጥብ እንጨት ደግሞ ለመሮ ቅቤ ነው። ይሄን ያህል ቀላል ከሆነማ እያልኩ በሁለት ምሽት ጨረስኩት። ክዳኑ አንገቱ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ፣ ዞረ፣ ፈጨ። ባለቤቴ እንቁላል ፍርፍሩ ላይ ነሰነሰችበት። ያን ቀን ቤቱ አልበቃኝም። በሦስተኛው ሳምንት ክዳኑ ሲዞር ያዝ ያዝ ማድረግ ጀመረ። በአምስተኛው ጭራሽ አልዞርም አለ። በጉልበት ስጠመዝዘው ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀና ቁንዶ በርበሬው ወጥ ቤቱን ሞላው። እስካሁን ከፍሪጅ ሥር ይለቀማል።

ነገሩ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። እንጨት ሲደርቅ እኩል አይኮማተርም። በዓመት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሀሉ ወደ ልጣጩ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ክብ አድርገህ የበሳኸው ቀዳዳ ሞላላ ይሆናል። ክዳኑም እንደዚያው። ሞላላ ነገር ሞላላ ቀዳዳ ውስጥ እንዴት ይዞራል? አባባ ጣውላ ገዝተው ሁለት ክረምት ከጣራ ሥር ሲያስቀምጡ እኛ ስስት ይመስለን ነበር።

አሁን ከደረቅ እንጨት ውጭ አልነካም። አካሄዱን ዘርዘር አድርጌ የምጽፍልህ ለወሬ አይደለም፤ ላንተ ሐሳብ ስላለኝ ነው።

በአራቱም ጎን 7.5 ሳንቲ ስፋት ያለው፣ 25 ሳንቲ የሚረዝም ጣውላ ለአንድ መካከለኛ መፍጫ ይበቃል። በቶርኖው ሁለት ጫፎች መሀል ወጥሬ መጀመሪያ ክብ አደርገዋለሁ። በደቂቃ 700 ዙር ገደማ፤ ማዕዘኑ ሳይጠፋ ከዚያ በላይ ካስሮጥከው ማሽኑ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ክዳኑ ከአካሉ የሚለይበትን በእርሳስ አሰምርና እቆርጣለሁ። መቁረጫው ቀጭን ይሁን። ክዳንና አካል ከአንድ እንጨት ስለሚወጡ፣ ወፍራም ከቆረጥክ የእንጨቱ መስመር ይዘላል። ሌላ ሰው አያየውም። አንተ ግን በበላህ ቁጥር ታየዋለህ።

ጭንቁ ቀዳዳው ነው። ከታች በኩል 41 ሚሊ ስፋት፣ 13 ሚሊ ጥልቀት፤ የሚፈጨው ብረት እዚያ ይቀመጣል። ከዚያ 27 ሚሊ የሆነው ቀዳዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልፋል፤ ፍሬው የሚሞላው እሱ ውስጥ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ ከበሳኸው መሰርሰሪያው ይንሻፈፋል። ግማሹን ከታች፣ ግማሹን ከላይ። ፍጥነቱ ቢበዛ 500። ሁለት ሳንቲ በገባህ ቁጥር አውጣና ፍቅፋቂውን አራግፍ። አንድ ቀን ቸኮልኩ። ፍቅፋቂው ታፈነ፣ ብረቱ ጋለ፣ ጭስ ወጣ፣ መሰርሰሪያው እንጨቱ ሆድ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። እንጨቱን በመጥረቢያ ፈልጬ ነው ያወጣሁት። ደግሞ ልኩ እንደ መፍጫው ብረት ይለያያል፤ ከብረቱ ጋር የሚመጣውን ወረቀት እመን እንጂ እኔን አትመን።

ቅርጹ እንደ ልብህ ነው። ውስጡን ግን ቨርኒሽም ዘይትም አታስነካው፤ ፍሬው ይጣበቃል፣ ይሸታልም። ጥርሱ ብረት ከሆነ ጨው አትጨምርበት፣ ይዝጋል። ጓንት እንዳታደርግ፤ ማሽኑ ጓንቱን ከያዘ እጅህንም ይዞ ነው የሚሄደው። የፊት መከላከያ ሳታጠልቅ አታስነሳው። ጋቢ ለብሶ ቶርኖ አጠገብ የሚቆም ካለ አባባ እኛን እንዳባረሩን አባር።

ኳስ በሬዲዮ ሲተላለፍ ያስጠፉን እንደነበር ታስታውሳለህ? ምን ያህል እንደተቀየምናቸው! ለካ እንጨቱን እየሰሙ ነበር። መሮው በደንብ ሲይዝ ድምፁ ሽው የሚል ነው፣ ሐር ሲቀደድ ዓይነት። ሊነክስ ሲል ቀድሞ ያንኳኳል፣ ጠቅ ጠቅ። እሱን ካልሰማህ በሚቀጥለው ቅጽበት እንጨቱ ደረትህ ላይ ነው። እኔም አሁን ማዳመጫዬን ከጆሮዬ አውጥቼ ነው የምሠራው።

እንግዲህ ሐሳቤ። የአክስትህን ልጅ እዚህ ለቅሶ ቤት አገኘሁት። ቁርጥራጭ ብረት ገዢ መጥቶ ቶርኖውን አልሸጥም እንዳልከው ነገረኝ። ሸራ አልብሰኸው ቆሟል አለኝ። አስነሳው። ቺንጋው በስብሶ ይሆናል፣ ቺንጋ ይገኛል። ቺንጋውን ከሞተሩ ትንሹ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት መንኮራኩር) ወደ ቶርኖው ትልቁ ፑሌጃ አድርገው፤ ቀርፋፋው ፍጥነት እሱ ነው። በዋንዛ ጀምር። ይታዘዝሃል። ከፈረሰው ሰርቪስ ቤት የወጣ የወይራ ምሰሶ እንዳለህም ሰምቻለሁ። ደርቆ ስንት ዘመኑ! እዚህ እንዲህ ያለውን ወይራ በቁራጭ ነው የሚሸጡት፣ ዋጋውን ብነግርህ ምሰሶውን አልጋህ ሥር ትደብቀዋለህ። ግን መሮ ከማስነካትህ በፊት ምስማር ፈልግበት። ወይራ ጠንካራ ስለሆነ መሮህን ቶሎ ቶሎ ሳል።

ጳጉሜ ላይ የሚመጣ ሰው አለ። ሁለት መፍጫ ብረትና ሁለቱን መሰርሰሪያዎች እልክልሃለሁ። ዋልነት ከሚሉት እንጨት የሠራሁት አንድ መፍጫም አብሮ አለ። እሱ የእማማ ነው፤ የቴፒ ቁንዶ በርበሬ ሞልተህ ስጥልኝ። ክዳኑ ትንሽ ይጮኻል፣ ይቅር ይበሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቶሎ አድርግልኝ። በቶርኖው የኋላ ጫፍ፣ መሰርሰሪያ የሚሰካበትን ቀዳዳ አፉን ለካ። 18 ሚሊ ገደማ ከሆነ ሞርስ በሚባለው የቀዳዳ ልክ ቁጥር 2 ነው፣ 24 ገደማ ከሆነ ቁጥር 3። ሰውየው ሻንጣውን ሳይዘጋ እዚያ የሚገባውን የመሰርሰሪያ ማያዣ መግዛት አለብኝ። ከተቀየምከኝ ሰላምታውን ተወው፣ ቁጥሩን ብቻ ጻፍልኝ።

ወንድምህ