ስቱኮ ካርቦን አይጠግንም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረውም የምሠራውም ለገጣፎ ነው። ሥራዬ ፋይበር ግላስና ካርቦን ፋይበር መጠገን ነው፤ ሁለቱም በሙጫ የተደራረበ የክር ጨርቅ ናቸው። ሰሞኑን አንድ ደንበኛ ከካርቦን የተሠራ የትንሽ አውሮፕላን የጎማ መሸፈኛ ይዞልኝ መጣ። ቀለሙ ያብረቀርቃል። የአንድ ብር ሳንቲም አወጣሁና ዙሪያውን ቀስ እያልኩ መታ መታ አደረግኩት። ቃ፣ ቃ፣ ቃ ይላል። ጠርዙ ጋ ስደርስ ድምፁ ታፈነ፤ ዱብ፣ ዱብ። ቀለሙን ፋቅኩት፤ ከሥሩ ስቱኮ፣ ያው የመኪና ጉድጓድ መሙያው ልጥፍ! ስቱኮውን ሳነሳው ደግሞ መዳፌን የሚያህል ቦታ ላይ ንብርብሩ ተላቋል። አንድ ጋራዥ እንደ መኪና በር ሞልቶ፣ ቀብቶ ሰጥቶታል።

ደግነቱ የጎማ መሸፈኛ ነው። ክንፍ ቢሆንስ?

ባትላሜራ የሚሠሩ ወንድሞቼ እንዲህ ቢረዱልኝ ደስ ይለኛል፦ ቆርቆሮ ሲመታ ይጎደጉዳል፣ ጉዳቱን ታየዋለህ። ካርቦን ግን ተመልሶ ቀጥ ይልና ከውስጥ ይለያያል፣ ላዩ ላይ የፀጉር ያህል መስመር ብቻ ሊቀር ይችላል። ስቱኮ ደግሞ ቅርጽ ይሰጣል እንጂ ጉልበት የለውም፤ ጉልበቱ ክሩ ነው። ስለዚህ የተላቀቀውን አንስተን፣ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት እያሳሳን እንሄዳለን። ለ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 20 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማለት ነው። ከዚያ አዲሱን ጨርቅ የክሩን አቅጣጫ ጠብቀን እንደርባለን፣ በፕላስቲክ አሽገን አየሩን በፓምፕ እንመጣለን። ሙጫው ኤፖክሲና ማጠንከሪያው በሚዛን ነው የሚለካው። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር ሥራውን ማበላሸት ነው። የኛ ሰፈር ሌሊትም ይበርዳል፣ ኤፖክሲ ደግሞ ብርድ አይወድም፤ እኔ ሳጥን ሠርቼ በአምፖል አሞቀዋለሁ፣ ቴርሞሜትርም አስገባለሁ። አቧራው ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ ያለ ማስክ አትፋቁ። እንደ ክንፍ ያለ ዋና የአውሮፕላን አካል ከሆነ ግን የአውሮፕላኑ ማኑዋል ካልፈቀደና ፈቃድ ያለው ባለሙያ ካልፈረመበት እጄን አላስገባም።

«ካርቦን ከተሰነጠቀ መጣል ነው» የሚሉም አሉ። እሱም ልክ አይደለም። በሐምሌ 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ቆሞ ሳለ ጭራው አካባቢ እሳት የተነሳበት የአየር መንገዳችን ቦይንግ 787 አውሮፕላን እኮ አካሉ ካርቦን ነው፤ በወራት ውስጥ ተጠግኖ ወደ በረራ ተመልሷል።

ያንን ስቱኮ የሞላው ባለሙያ ይህን ካነበበ ይምጣ፣ አልቆጣውም። መሸፈኛው ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሳንቲሙን እሰጠዋለሁ፣ ራሱ መትቶ ይስማው።

ከለገጣፎ፣ የካርቦን ጠጋኝ