ዲሞክራቲክ ፓርቲው አልሰማንም ላላችሁ የሜሪላንድ አባሎቻችን

ውድ አባላት፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ «እነሱ ከላይ ከጨረሱት እኛ ምን አደከመን?» ብላችኋል። ንዴታችሁ ይገባኛል። እኔም ተናድጃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የፓርቲው ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ በሚለይበት ቅድመ ምርጫ በርኒ ሳንደርስ ኒው ሃምፕሻየር ላይ 60 በመቶ ድምፅ አገኙ፤ ሂላሪ ክሊንተን 38። «ሱፐር ዴሌጌት» የሚባሉት፣ ዕጩውን በሚሰይመው ጉባኤ በቅድመ ምርጫው ውጤት ሳይታሰሩ ድምፅ የሚሰጡ የፓርቲው ትልልቅ ሰዎች ግን አብዛኞቹ ቀድመው ከክሊንተን ጎን ቆመው ነበር። ሲደመር የሁለቱ የዴሌጌት (የጉባኤ ተወካይ) ቁጥር ተቀራርቦ ቁጭ አለ! ሕዝቡ ወለል አድርጎ የተናገረው ተድበሰበሰ። በ2024ም ሜይ ላይ በሜሪላንድ ቅድመ ምርጫ ባይደንን መረጥን፤ ጁላይ 21 ከውድድሩ ወጡ። ተተኪያቸውን የወሰኑት ዴሌጌቶች ናቸው። ጊዜ አልነበረም ይባላል፤ ቢሆንም ቅር ያሰኛል።

ግን የ2016ቱ ቁጣ ፍሬ አፍርቷል። በ2018 ፓርቲው ደንቡን ቀየረ፤ ሱፐር ዴሌጌቶች ፉክክር ባለበት ጉባኤ በመጀመሪያው ዙር ድምፅ እንዳይሰጡ ተደረገ። ይህ የመጣው ተራ አባላት አንለቅም ስላሉ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ተናዳችሁ ከፓርቲው መዝገብ አትውጡ። ሜሪላንድ ውስጥ በፓርቲው ያልተመዘገበ ሰው በፕሬዚዳንታዊ ቅድመ ምርጫው አይመርጥም። አገረ ገዥ በሚመረጥበት ዓመት ደግሞ የቅድመ ምርጫ ወረቀቱን እስከ ታች አንብቡት። «ሴንትራል ኮሚቴ» (የፓርቲው የአካባቢ ኮሚቴ) የሚል ቦታ አለ፤ ብዙዎቻችን ባዶውን እናልፈዋለን። የክልል ምክር ቤት ወንበር ሲጓደል ተተኪውን ለአገረ ገዥው የሚያቀርበው ያ ኮሚቴ ነው። ከመካከላችን ለዚያ ቦታ መወዳደር የምትፈልጉ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ የዕጩነት ምዝገባውንም ቅስቀሳውንም አብረን እንሠራለን።